ሕጉ ሳያስወርዳቸው የወረዱ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የሰማይ ሰዎችን ነገር ላውጋችሁ።

ሰኔ ነው፤ የወለጋ ሰኔ። ዓመተ ምሕረቱ 1928። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ ገና ሁለት ወር አልሞላም። አዲስ አበባ በኢጣሊያ እጅ ወድቃለች፤ ምዕራቡ ግን አልተያዘም። ነቀምቴን የሚገዙት የኩምሳ ሞረዳ ልጅ፣ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ናቸው። ኢጣሊያ ወለጋን ያለ ውጊያ፣ በባላባቶቹ በኩል ለመያዝ አስባለች። እናም ሦስት አውሮፕላኖች ደመናውን ሰንጥቀው መጡና ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ቦናያ በሚባለው ሜዳ ላይ አረፉ።

የመጡት ተራ ሰዎች አልነበሩም። አለቃቸው የአየር ኃይል ጄኔራል የነበረው ቪንቼንዞ ማሊዮኮ ነው። አብሮት አንቶኒዮ ሎካቴሊ አለ። ሎካቴሊ ማለት በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቪየና ድረስ ከበረሩት አንዱ፣ የአንዲስን ተራሮች በአውሮፕላን የተሻገረ፣ በ1924 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን አቋርጣለሁ ብሎ ግሪንላንድ አጠገብ ባሕር ላይ ወርዶ ማዕበል ሲያንገላታው ቆይቶ የአሜሪካ የጦር መርከብ ያወጣው ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ተርፎ ነው ቦናያ የደረሰው።

ጥቁር አንበሳ የተባሉት አርበኞች ወሬው ደረሳቸው። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖች፣ ውጭ አገር ተምረው የመጡ ምሁራንም አሉባቸው። የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ይመሯቸዋል። ሰኔ 19 ለ20 አጥቢያ ሌሊቱን ገሥግሠው ሜዳውን ከበቡት። ተኩሱ ሲያበቃ አውሮፕላኖቹ በእሳት ጋይተዋል፤ ማሊዮኮም ሎካቴሊም ሞተዋል። ከመጡት ኢጣሊያውያን በሕይወት የተረፈው ማርዮ ቦሬሎ የሚባለው ቄስ ብቻ ነው። ነቀምቴ ያለው የወለጋ ሙዚየም የሄደ ሰው የኢጣሊያ አውሮፕላን ስብርባሪ ያያል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአቸው።

ይህን ማስቀደሜ ያለ ነገር አይደለም። ማሊዮኮና ሎካቴሊ ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። በዚያ ዘመን አብራሪ በስንት ዓመቱ ጡረታ ይውጣ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አልነበረም። ጥይቱ፣ ጭጋጉ፣ የሚከዳው ሞተር ይወስኑለት ነበር። ዛሬ የሚወስነው ሕግ ነው። የዛሬው ወጌ ደግሞ ሕጉ ቀኑን ሳይቆርጥባቸው፣ ጤናቸውም ዕውቀታቸውም ሳይነጥፍ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ከኮክፒት ስለሚወጡ ካፒቴኖች ነው።

ጠላት ከወጣ በኋላ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ፤ በመጋቢት 30 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። መሪዎቹም አብራሪዎቹም በአሜሪካው አየር መንገድ በቲደብልዩኤ ውል የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። ኢትዮጵያዊው በስተቀኝ ወንበር ይቀመጣል፤ ግራው የካፒቴኑ ነው፤ ካፒቴኑ ፈረንጅ ነው። ይህ እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ቆየ። በዚያ ዓመት ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ዲሲ 3 አውሮፕላንን በካፒቴንነት ይዘው በረሩ። ከቀኝ ወንበር ወደ ግራ ወንበር ያለው ርቀት ክንድ አይሞላም፤ ለመሻገር ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል።

እንግዲህ ያ ዲሲ 3 ነው ወለጋን ከሰማይ ጋር ያዛመደው። ነቀምቴ፣ ደምቢ ዶሎ፣ ነጆ፣ መንዲ፣ ቤጊ፣ ወደ ወሰኑም አሶሳ። አስፋልት የለም፤ ሣር ነው፣ ኮረት ነው። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ የመኪናው መንገድ ጭቃ ሆኖ የቀናት ጉዳይ ይሆናል። አውሮፕላኑ በሰዓት ይደርሳል። ሕመምተኛ ይዞ ይሄዳል፤ አስተማሪ፣ ፖስታ፣ መድኃኒት ይዞ ይመጣል።

ካፒቴኑ የሚያየውን አስቡት። ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲል ከበታቹ የደዴሳ ሸለቆ ይከፈታል። ቆላው ይግላል፤ ሙቀቱ አየሩን ወደ ላይ ሲገፋ ክንፉ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ የጊምቢ ደጋ፣ ከዚያ እንደገና ዝቅታ። ወደ ደምቢ ዶሎ ሲቃረብ ከ3,300 ሜትር የሚያልፈው ቱሉ ወለል ከደመናው በላይ ብቅ ካለለት ቦታውን ያውቃል። ብቅ ካላለለት ግን ተራራው አለ፤ አለመታየቱ ነው የሚያስፈራው። የዛሬው አብራሪ ቦታውን በሳተላይት ያያል። የያኔው በዐይኑ፣ በሰዓቱና በኮምፓሱ ነው። ክረምት ላይ ሜዳው ውኃ ያቁራል፤ ጎማው እንዳይሰምጥ የት ጋ መርገጥ እንዳለበት የሚያውቀው ደጋግሞ ያረፈበት ሰው ብቻ ነው።

ዲሲ 3 አረጀ። ትዊን ኦተር መጣ፣ ኤቲአር 42 መጣ፣ ፎከር 50 መጣ። አውሮፕላኑ እያደገ ሲሄድ ሜዳዎቹ ባሉበት ቀሩ፤ የመኪና መንገዱም ተሻሻለ፤ መንዲና ቤጊን የመሳሰሉት ከበረራ ሰሌዳው ወጡ። ዛሬ ደምቢ ዶሎ አውሮፕላን ያርፍባታል፤ ነቀምቴም በቅርብ ዓመታት አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠርቶላታል። እነዚያን የሣር ሜዳዎች በእጃቸው መዳፍ ልክ የሚያውቁት ካፒቴኖች ግን ከመሪው ተለይተዋል።

ስለ ሕጉ ልንገራችሁ። አሜሪካ በ1960 እ.ኤ.አ. መንገደኛ የሚያጓጉዝ የአየር መንገድ አብራሪ 60 ከሞላው አይበርም አለች። ደንቡን ያወጡት የአቪዬሽኑ ሹም ጄኔራል ኬሳዳ ናቸው። የአሜሪካን አየር መንገድ ኃላፊ ሲ. አር. ስሚዝ ይህንኑ ጠይቀዋቸው ነበር። ቁጥሩ ከሐኪም ጥናት ተለክቶ የወጣ አልነበረምና አብራሪዎቹ ከአርባ ዓመት በላይ ተሟግተውበታል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ጣሪያውን ወደ 65 ከፍ አደረገ፤ አሜሪካም በዓመቱ ተከተለች። በ2025 እ.ኤ.አ. አየር መንገዶች ወደ 67 ይግፋ ብለው ጠይቀው ሳይሳካላቸው ቀርቷል።

በእኛ አገር የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ 60 ነው፤ የበረራው ዓለም አቀፍ ጣሪያ 65። በሁለቱ መካከል አምስት ዓመት አለ። ሌላውም ዓለም እንዲህ ያለ ክፍተት ያውቃል። የብሪቲሽ ኤርዌይስ አብራሪዎች ለረጅም ጊዜ በ55 ይሰናበቱ ነበር። የሉፍታንዛ የኅብረት ስምምነት ደግሞ 60 ሲሞላ ውሉ ይቋረጣል ይል ነበር። ሦስት ካፒቴኖች ሕጉ እስከ 65 እየፈቀደልን ለምን ብለው ከሰሱ፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. አድልዎ ነው ሲል ፈረደላቸው።

እነዚህ ልቆይ ብለው የተሟገቱ ናቸው። ልሂድ የሚለውስ?

የካፒቴኑን የምርመራ ቀን አስቡት። ላይሰንሱ ዋጋ የሚኖረው የሐኪም ማረጋገጫ ሲኖረው ነው፤ 60 ካለፈ ደግሞ በየስድስት ወሩ ይታደሳል። ቁርስ ሳይቀምስ ይሄዳል፤ ደም ይሰጣል። ደረቱ ላይ የልብ መመርመሪያው ሽቦዎች ይለጠፋሉ። ከዚያ ድምፅ በማታስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይቀመጥና ማዳመጫ ያጠልቃል። ቀጭን ድምፅ በሰማ ቁጥር አዝራር ይጫናል። ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄዳል። አሁን የሰማው ድምፅ ነው ወይስ መስማት ስለፈለገ ነው የተጫነው? ዐሥርት ዓመታት ሞተር አጠገብ የኖረ ጆሮ ነው። በማዕበል ውስጥ ያልተንቀጠቀጠው እጅ እዚህ ወንበር ላይ ያልበዋል። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ቢጽፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፒቴን አይደለምና።

ሲሙሌተር የሚባለው የበረራ ማስመሰያም አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ ገብቶ ይፈተናል። ልክ ሲነሣ ፈታኙ አንዱን ሞተር ያጠፋበታል፤ እሳት ያስነሣበታል፤ ማረፊያውን በጭጋግ ይሸፍንበታል። ስንት ሺህ ሰዓት በርሬአለሁ ብሎ ማለፍ የለም። የሃያ ስድስት ዓመቱ ልጅ የተፈተነውን የሃምሳ ስምንት ዓመቱም ይፈተናል። እኔ ይህን እወደዋለሁ። በአገራችን ሽማግሌውና ወጣቱ በአንድ ሚዛን የሚቀመጡበት ሥራ ብዙ የለም።

ሌሊቱስ? ቦሌ ከእኩለ ሌሊት አካባቢ ጀምሮ ነው የሚደምቀው። ወደ አውሮፓ የሚሄደው በጨለማ ተነሥቶ ጎህ ሲቀድ ያርፋል። ሰውነት ተኛ በሚልበት ሰዓት ነው እጅ መሪ ላይ የሚሆነው። ቤት ሲመጣ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፤ ሲነቃ ተኝተዋል። ፋሲካን በሌላ አህጉር ሆቴል ውስጥ፣ የእናቱን የሙት ዓመት በስልክ። ወጣት ሳለ ይቻላል። ከሃምሳ አምስት በኋላ ግን አንድ ሌሊት የወሰደውን እንቅልፍ ለመመለስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ካፒቴኑ ራሱ ያውቀዋል፤ ሐኪሙ አያውቀውም፤ ሕጉም አያውቀውም።

ገንዘቡንም አልደብቅም። የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ሲፈረጥሙ ብዙ ኢትዮጵያዊ አብራሪ ወደዚያ አቅንቷል። ለቀሪዎቹ የሥራ ዓመታት በሌላ አገር ገንዘብ የሚከፈለው ደመወዝ ቤት ይሠራል፣ ልጅ ያስተምራል። እነሱን ከዳተኛ የሚል ሰው ስሰማ ይከፋኛል። አገሩን በሺህ ሌሊት ያገለገለ ሰው ስለ ልጆቹ ማሰቡ ነውር አይደለም። ይልቅ ከመሄዳቸው በፊት ምን ብናደርግ ትቆያላችሁ ብሎ ማነጋገር ይሻላል።

አሁን ስለ አንድ ትልቅ ሰው ላውራ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ካፒቴን ልዑል አባተ ቦይንግ 767 ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሡ። ዕድሜያቸው 42። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፈዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ መንገደኞቻቸውን በሰላም አውርደዋል። ሦስተኛው መጣ። ሦስት ሰዎች ኮክፒት ገብተው አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴኑ ነዳጁ አያደርስም አሏቸው። እነሱ የአየር መንገዱን መጽሔት ገልጠው አውሮፕላኑ ምን ያህል ርቀት እንደሚበር የተጻፈውን አሳዩአቸው። ጋኑ ሙሉ ሲሆን ነው እንጂ ለናይሮቢ የተቀዳው ነዳጅ ያን ያህል እንደማይወስድ ሊገባቸው አልቻለም።

ካፒቴን ልዑል የባሕሩን ዳር ተከትለው ወደ ደቡብ በረሩ፤ ቁርጥ ሲመጣ ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አዞሩ። ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ማኮብኮቢያው ላይ ሊያወርዱ ሲሞክሩ ጠላፊው ተናነቃቸው፤ አቅጣጫው ጠፋ። ከባሕር ዳርቻው ሆቴል ፊት ለፊት ውኃው ላይ አሳረፉት። የግራው ክንፍ ውኃውን ቀድሞ ነካና አውሮፕላኑ ተሰባበረ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50 ተረፉ። ከሞቱት መካከል የ1977ቱን ረሃባችንን በካሜራው ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ካፒቴኑና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ተረፉ።

ከዚያ በኋላ ይብቃኝ ቢሉ ማን ይወቅሳቸው ነበር? ገና 42 ዓመታቸው ነው፤ ሁሉም ደረቱን ነፍቶ ጡረታቸውን ባከበረላቸው ነበር። እሳቸው ግን ወደ በረራ ተመለሱ።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ ጥር ወር ላይ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ካፒቴን ቼስሊ ሳለንበርገር ከተነሡ ከደቂቃዎች በኋላ የዝይ መንጋ ሁለቱንም ሞተሮች አጠፋባቸው። ሃድሰን ወንዝ ላይ አወረዱት፤ 155ቱም ሰዎች ዳኑ። ውኃ እየገባ ሳለ የቀረ ሰው እንዳይኖር መተላለፊያውን ሁለቴ ተመላልሰው ካዩ በኋላ ነው የወጡት። በወሩ ኮንግረስ ፊት ቀርበው ደመወዛቸው በ40 በመቶ እንደተቀነሰ፣ ጡረታቸውም እንደተነካ ተናገሩ። በመጋቢት 2010 እ.ኤ.አ.፣ በ59 ዓመታቸው፣ ከረዳታቸው ጄፍ ስካይልስ ጋር የመጨረሻ በረራቸውን አድርገው ወጡ። ሕጉ ወደ ስድስት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይሰጣቸው ነበር።

ሁለቱም ውኃ ላይ አውርደዋል። አንዱ ቆዩ፤ አንዱ ወጡ። ለእኔ ሁለቱም እኩል የተከበሩ ናቸው። ካፒቴንነት ማለት ከነዳጁና ከነፋሱ ጋር ራስን አብሮ መመዘን ነው፤ ሰውነቱና ልቡ እስከ የት እንደሚያደርሱት የሚያውቅ ሰው በቃኝ ሲል ከመሪው ጋር ሳለ ያደርገው የነበረውን ያንኑ ሥራ እየሠራ ነው። በመውጣቱ የሚከፋኝ የለም። የሚከፋኝ የሚያውቀውን ሳንቀበል ባዶ እጃችንን ስንሸኘው ነው።

በኮሮና ጊዜ ዓለም ይህን በከባዱ ተማረ። በ2020 እ.ኤ.አ. መንገደኛ ሲጠፋ ትልልቆቹ አየር መንገዶች ቀድማችሁ ውጡ፣ ጥቅም እንሰጣለን አሉ። ዴልታ ብቻ ወደ 1,800 የሚጠጉ አብራሪዎቹ ተሰናበቱለት። ዓመት ሁለት ዓመት ሳይሞላ መንገደኛው ሲመለስ አብራሪ ጠፍቶ በረራ መሠረዝ መጣ። ካፒቴን እንደ ጤፍ በአንድ ክረምት አይደርስም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚያው ጊዜ ከአንዳንድ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹ መቀመጫ አንሥቶ ጭነት እያመላለሰ ነበር ያለፈው።

ጡረታ ላይ የማይደርሱም አሉ፤ ሳልጠራቸው አላልፍም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃው የወደቀው አውሮፕላን ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፤ ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ 25። ከ157ቱ አንድም አልተረፈም። ጡረታ ለእነሱ ሩቅ አገር ነበረ። ጡረታ የደረሰ፣ ቀድሞም የወጣ ካፒቴን ቤቱ በሰላም ገብቶ ሲቀመጥ ማየት ትልቅ ነገር ነው የምለው ለዚህ ነው።

እና ቀድመው የወጡት ምን ያድርጉ? ሲሙሌተር ላይ ማስተማር በ65 የሚቆም ሥራ አይደለም፤ የአየር መንገዱ አካዳሚ እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልገዋል። ለእኛ ለወለጋዎች ግን ሌላም የምንለምነው አለ።

እያንዳንዱ አብራሪ ሎግ ቡክ አለው። ረዘም ያለ፣ ጠንካራ ልባስ ያለው መዝገብ ነው። ቀን፤ የአውሮፕላኑ ዓይነት፤ የመለያ ቁጥሩ፤ ከየት፤ ወዴት፤ የቀን ሰዓት፤ የሌሊት ሰዓት። በእጅ የተጻፈ። የሥራ ዘመን በሙሉ እዚያ ውስጥ በመስመር በመስመር ተደርድሯል። ከእነዚያ መስመሮች መካከል «ነቀምቴ – ደምቢ ዶሎ»፣ «መንዲ – ቤጊ» የሚሉ አሉ። ሰዓቱን እንጂ ሌላውን አይናገሩም።

አባቱ ወይም አያቱ ካፒቴን የነበረ ሁሉ፣ ያን መዝገብ ከቁም ሳጥኑ ያውጣው። አባባ አጠገብ ይቀመጥና መንዲ የሚለው መስመር ላይ ጣቱን አኑሮ ስልኩን ለመቅረጫ ይክፈት። ይጠይቃቸው። የሜዳው ጫፍ የት ጋ ነበር? ነፋሱ ከየት ይመጣ ነበር? በየትኛው ኮረብታ ላይ ነበር የሚዞሩት? ጭጋግ ሲሆን ምን ያደርጉ ነበር? ያን ቀን ምን ጭነው ነበር? ከአውሮፕላኑ ሥር ማን ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር? ደግሞስ የመጨረሻውን ዕለት፣ ገና ሳይገደዱ፣ ለምን በቃኝ አሉ? ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለ፤ ይናገሩ፤ ይቀረጽ።